ትኩስ ዓሣ

እስቲ እናንተ ፍረዱ። «ትኩስ ዓሣ» ሲባል ምን ማለት ነው? ጠዋት ከውሃ የወጣ፣ ዐይኑ ገና የሚያበራ፣ ያልሰነበተ ዓሣ ማለት አይደለም? ዕድሜ ልኩን ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን አይስተውም። ይህቺ ሦስት ፊደል ያልገባችው አንድ ሰውና፣ ገብታቸው እንዳልገባቸው የሆኑ ሌሎች ሰዎች ተጋግዘው በእታለም ላይ የሠሩት ሥራ ለጠላት እንኳ የሚመኙት አይደለም።

እታለም የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንዲህ ሲላት የሰማ ሁሉ እታለም ይላታል፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ አጥማጆች ሳይቀሩ። ወንድሟም አጥማጅ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን ልጓም የሌለው።

ከእነሱ ሌላ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነጋዴ አለ፤ ቀበቶ ይሉታል። ቀበቶ የተባለው ሲጠብቅ እንጂ ሲላላ ታይቶ ስለማይታወቅ ነው። የሐይቁን ዓሣ ለዓመታት ብቻውን ሲገዛ ኖሯል። ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ አጥማጁ ካጉረመረመ «እሺ፣ ራስህ ብላዋ!» ብሎት መኪናው ውስጥ ይገባል። ዓሣ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ከትተው ደህና ዋጋ የሚጠብቁበት ነገር አይደለም። እየረገሙ ይሸጡለታል፤ እየሳቀ ይወስዳል።

እታለም ይህን ቀበቶ ለመፍታት ያልደወለችበት፣ ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ ከድንበሩ ማዶ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ አገኘች። ቁጥብ ሰው ነው፣ ቃል አያባክንም።

«የመጀመሪያውን ጭነት ልየው» አላት። «በደህና ከደረሰ በየሳምንቱ እወስዳለሁ። ካልደረሰ ግን ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ። በሽተኛ ‹ነገ ብላ› አይባልም።»

ወንድሟ ይህን በሰማበት እግሩ ቀበቶ ዘንድ ሄዶ፣ በሰው ፊት፣ «ከእንግዲህ ሌላ ወገብ ፈልግ!» ብሎት መጣ። እታለም «ምን አጣደፈህ አንተ? ዓሣው ድንበር ሳይሻገር!» ብላ ተቆጣችው። በሆዷ ግን ደስ ብሏት ነበር። ያም ሆነ ይህ መመለሻው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው፤ ይህ ጭነት ካልደረሰ ማኅበሩ በሙሉ ተንበርክኮ ቀበቶ ደጅ ሊቆም ነው።

ጠዋት የወጣውን ዓሣ በበረዶ ደራርበው ጫኑ። ሹፌሩ ብርዱ ይባላል፤ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ስለሚነዳ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። ሲነዳም ሲያወራም አይቸኩልም። እታለም ከጎኑ ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ «አልፈጠንክም» ስትለው፣ እሱም «እታለም፣ ዓሣው እንኳ ዝም ብሏል» ሲላት ድንበሩ ላይ ደረሱ።

ድንበሩ ላይ አንድ ግቢ አለ፤ በግቢው ውስጥ አንድ ቤት፣ በቤቱ ላይ ሁለት መስኮት። አንዱ መስኮት የዚህኛው አገር፣ ሌላው የዚያኛው ነው። በመጀመሪያው መስኮት ወረቀትሽን ትሰጫለሽ፤ ተርጓሚ ወደ ማዶው አገር ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ይዘሽው ሁለተኛው መስኮት ትሄጃለሽ። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት ድመት የምትዘለው ነው። ሰው ግን ጢሙ እስኪያድግ ይቆምበታል።

እታለም የመጀመሪያውን መስኮት በደህና አለፈች። ሁለተኛው ላይ የተቀመጠችው የማዶዋ ሴት ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴት ነበረች። ወረቀቱን አነበበችና ቀና አለች።

«እህቴ፣ የወጥ ቤቱ የጤና ፈቃድ የታለ?»

«የምን ወጥ ቤት?»

«ዓሣው የበሰለበት ነዋ።»

«ዓሣው መቼ በሰለ?» አለች እታለም። «ጥሬ ነው። በረዶ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ እሷ አዙራ አንዱን ቃል በጣቷ ነካችው። «እዚህ ላይ ‹ከእሳት የወረደ ዓሣ› ነው የሚለው።»

ለካስ ተርጓሚው «ትኩስ ዓሣ» የሚለውን አይቶ፣ ትኩስ ሻይ፣ ትኩስ ወጥ እንደሚባለው ሁሉ፣ የሚፋጅ ዓሣ አድርጎት ኖሯል! እታለም መጀመሪያ ሳቀች። እስቲ ምን ታድርግ? ብርዱን ጠርታ ነገረችው፤ እሱም ሳቀ። የማዶዋ ሴትም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ሂጂና አሳርሚው፤ ደቂቃ አይፈጅም» አለቻት። ይህ ሳቅ የዚያን ቀን የመጨረሻቸው ነበር።

በመጀመሪያው መስኮት ያለው ኃላፊ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ የተበጠረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። እታለም ጉዳዩን ስታስረዳው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጣት።

«ዓሣው ጥሬ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «ከፈለጉ መጥተው ይንኩት።»

መጣ። ምን ይወጣለታል፣ መጣ! ብርዱ የኋላውን በር ከፈተለት። ኃላፊው አንገቱን አስግጎ ገባ፤ አንዱን ዓሣ በጣቱ ነካው፤ ከበረዶው ቅዝቃዜ የተነሳ እጁን ቶሎ መለሰ፤ በመሐረብ ጠረገ።

«ጥሬ ነው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ያርሙልኛ።»

«ጥሬ መሆኑን እኔም አየሁ። ወረቀቱ ግን የበሰለ ነው ይላል።»

«ወረቀቱ ተሳስቷላ!»

«እሱማ ተሳስቷል። ግን ማኅተም አርፎበታል። ማኅተም ያረፈበት ስህተት ደግሞ ዝም ብሎ አይታረምም፤ የሚያርመው የተረጎመው ሰው ነው።»

«እሺ፣ የት ነው ያለው?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ስልጠና ሄደ።»

«የምን ስልጠና?»

«የቀልጣፋ አገልግሎት» አለ ኃላፊው። ይህን ሲል ፈገግ እንኳ አላለም።

እዚህ ላይ እታለም አንጀቷ አረረ። የማያውቅ ሰው ቢሆን ታስረዳዋለች፤ ክፉ ሰው ቢሆን ትሰድበዋለች። ይሄ ግን ዓሣውን በጣቱ ነክቶ፣ ጥሬ ነው ብሎ፣ እውነቱን ከእሷ እኩል እያወቀ «አይሆንም» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ለግድግዳ ቢነግሩት ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ «ገብቶኛል» አይልም።

«ሌላ ተርጓሚ የለም?»

«አለ፣ ግን የሌላውን ሥራ አይነካም።»

«እርስዎስ? ቋንቋውን ያውቁ የለ?»

«አውቃለሁ። ግን ተርጓሚ አይደለሁም።»

«እና ዓሣዬ ምን ይሁን?»

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፈናል፤ መልስ ሲመጣ እንጠራሻለን» አላትና መስኮቱን ሳብ አደረገው።

ያን ቀን አመሹ። ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፤ «ነገ ጠዋት» ብላ ለመነች፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ «ነገ ጠዋት፣ ከዚያ አያልፍም» አላት። መኪናው ውስጥ አደሩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። እታለም ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ትባንናለች፤ ልክ የታመመ ልጅ አጠገብ እንደተኛች እናት።

ጠዋት ብርዱ የነዳጁን መጠን አይቶ ራሱን እያከከ መጣ። «እታለም፣ ይሄ ሞተር ከምሳ በኋላ አብሮን አይሆንም።»

«ማደያስ?»

«ማደያው ከበሩ ውጭ ነው። ከሰልፉ ከወጣን ደግሞ ከጭራው ነው የምንጀምረው፤ እሱ ሌላ ሁለት ቀን ነው።»

እሷም ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱም ወደ መኪናው ስትመላለስ፣ ሰልፉን ሁሉ ትቶ በጎን አንድ ነጭ የጭነት መኪና መጣ። ከኋላ በሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሹፌሩን አወቀችው፤ የቀበቶ ሹፌር ነው። እጁን አውለበለበላት። መኪናው አንደኛው መስኮት ጋ ቆመ፣ ሁለተኛው መስኮት ጋ ቆመ፣ አለፈ። ሻይ አፍልቶ ለመቅዳት እንኳ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀበትም።

እታለም መስኮቱን በመዳፏ ደበደበችው።

«የእሱስ? የእሱስ ዓሣ አይደለም? ሽታው እኮ እዚህ ድረስ ይጣራል!»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ምክር የሚለግስ መሰለ። «የእሱ ወረቀት ላይ ዓሣ የሚል የለም፣ እህቴ። ‹ልዩ ልዩ ዕቃ› ነው የሚለው። ልዩ ልዩ ደግሞ ለትርጉም አያስቸግርም።»

«ምን?»

«ልዩ ልዩ።»

እውነቱን የጻፈው ታስሮ ይቆማል፤ የሸፈነው እጁን እያውለበለበ ያልፋል! «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባል የለ? ዓሣዋን ብላ መጥታ ዘንዶውን አየችው፤ ዘንዶው ደግሞ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጁ በመሐረብ የተጠረገ ሆኖ ተገኘ።

ረፋዱ ላይ የሆስፒታሉ የወጥ ቤት ኃላፊ በእግሩ መጣ። ሰው በእግሩ መሻገር ይችላል፤ ሰውን ተርጉመህ ና የሚል የለም። ከመኪናው ኋላ ገብቶ አንድ ዓሣ አነሳ፤ ዐይኑን አየ፤ ሆዱን ጫን አድርጎ ለቀቀ፤ አሸተተ። ከዚያ መልሶ በረዶው ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛው።

«በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ዓሣ አልገጠመኝም» አለ።

«ታዲያ…»

«ታዲያማ በሽተኞቼ ዛሬ ምሳ መብላት አለባቸው።» ዐይኗን ማየት አልቻለም። «ያ ነጭ መኪና ማዶ ቆሞ ይሸጥ ነበር። ከእሱ ገዛሁ። ሰንብቷል፤ አውቃለሁ። ግን እጄ ላይ የደረሰው እሱ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ እህት። በየሳምንቱ እንዲህ ደጅ እየጠናሁ ሰው አልቀልብም።»

ከሐይቃቸው የወጣ፣ ያደረ የሰነበተ ዓሣ፣ ልዩ ልዩ ተብሎ አልፎ፣ በሽተኛ ሊበላው ነው። ትኩሱ ደግሞ እዚህ በረዶ ላይ ተኝቷል። እታለም ሰውየውን አልወቀሰችውም። ምን ብላ ትወቅሰው?

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ድምፁ ያ የፉከራው ድምፅ አይደለም።

«እታለም… ቀበቶ ደውሎልኝ ነበር።»

«ምን ይላል?»

«‹እህትህ ድንበር ላይ መበስበሷ ነው አሉ። ላዝንላችሁ፤ ዓሣውን እዚያው ልረከባት› ይላል። የሰጠን ዋጋ… ተይው፣ ስድብ ነው። ግን ሰዎቹ ሁሉ እኔን ነው የሚያዩኝ። ምን ልበላቸው? እሺ ልበለው?»

«ሰጥቼው ምን ሊያደርገው?»

«ልዩ ልዩ ነዋ!» አለ ወንድሟ፤ ነገሩን ቀበቶ ራሱ እየሳቀ ነግሮታል።

እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው። ስልኩን ዘጋች። ብርዱን ጠራችው።

«በሩን ክፈት።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወረቀቱ ከእሳት የወረደ ነው አላለም? ወረቀት አይሳሳትማ! ዓሣው ነው የተሳሳተው። እናርመዋለን።»

ብርዱ በሩን በረገደው። ከዚያ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ሰልፉ ሮጠ።

ከበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት ትልቁን ብረት ድስቷን አወጣች። በሰልፉ ላይ ቀናቸውን የሚቆጥሩት ሹፌሮች ከየመኪናቸው ቡታጋዛቸውን ይዘው መጡ፤ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ከቤቱ የተቋጠረለት ሎሚ። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ ቢላ ያዘች። ቅርፊቱን ስትፍቅ፣ ሆዱን ስትከፍት፣ አጥንቱን ስታወጣ እጇ አይታይም። በሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ከእጁ ዓሣ አያመልጠውም። እየሠራች ትናገራለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለሁሉም ነው።

«ብሉ! ጥሬ ነው ብለን አልታመንንም፤ እንግዲህ ብሉና መስክሩ! የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይላሉ፤ አናቱን እየቆረጥኩ ነው የምጥለው፣ አትፍሩ!»

ሰው ተሰበሰበ። ዘይቱ ይንጫጫል፤ ግቢው በጥብስ ሽታ ታጠነ። ሹፌሩ፣ ተሸካሚው፣ ጠባቂው፣ ወረቀት ጠብቆ የጠወለገው ሁሉ በእጁ እየተቀበለ በላ። የማዶዋ ሴትም መስኮቷን ዘግታ መጣች፤ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ «ይሄ በደንብ በስሏል» ብላ ብቻዋን ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅሮ ነበር። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቆሞ በላ። አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ለመነ። ሹፌሮቹ በድስቱ ክዳን ላይ ለነዳጅ ብለው ያዋጡትን ለብርዱ አስያዙት፤ እታለም ዞር ብላ አላየችውም።

ድስቱ ላይ እንዳለች ወንድሟ ደግሞ ደወለ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ያዘችው።

«ምን ወሰንሽ? ተሸጠ?»

«አልተሸጠም። ተበላ።»

«ማን በላው?»

«የራበው ሰው።»

ከወንድሟ ኋላ የአጥማጆቹ ድምፅ ይሰማታል፤ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። በሰበሰበቻቸው፣ ተስፋ በሰጠቻቸው ሰዎች ፊት እሱ ነው የቆመው። ይህን ስታስብ ነው ያልፈለገችው እንባ የመጣባት፤ በክንዷ ጠረገችው፤ ጢሱ ነው ለማለት ደግሞ ጢሱም ነበረ።

«ቀበቶ አልቀመሰውም?» አለ በመጨረሻ።

«አልቀመሰውም።»

«እንግዲያው ነገ መረብ እጥላለሁ» አለና ዘጋው።

የመጨረሻዎቹ ዓሦች ድስት ውስጥ ሲገቡ ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ከዚያ በፊት ሲሮጥ ያየው ሰው የለም፤ ሁሉም ዞረ። እጁ ላይ አዲስ ወረቀት ይወዛወዛል።

«እህቴ! እህቴ! መጣልሽ!» አለ እያለከለከ። «ታርሟል! ይኸው፤ ‹ጥሬ ዓሣ› ነው የሚለው፤ ማኅተሙም አዲስ ነው። ማለፍ ትችያለሽ!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ኃላፊው ድስቱን አየ፣ ባዶውን መኪና አየ፣ በየሰው እጅ ያለውን አጥንት አየ።

«ግን… ጥሬው የታለ? ይሄ እኮ ጥሬ ነው የሚለው!»

አንድ ሹፌር በሳቅ ትን አለው። እታለም ግን አልሳቀችም። ኃላፊው የተከፋ መሰለ፤ እንደልማዱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስንት ለፍቼ ያስመጣሁት ነው። ለሚቀጥለው ልምከርሽ? ዓሣ ዓሣ አትበይ። ልዩ ልዩ በዪውና ሁላችንም እንገላገል።»

እታለም እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ሰጣት። ከድስቱ አንድ ዓሣ አወጣች፤ ዘይቱ ገና ይንጫጫበታል። ያንን አዲስ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መዳፏ ላይ ዘርግታ ዓሣውን አስቀመጠችበት፤ ጠቀለለችው፤ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እንካ» አለችው። «እርስዎ»ው ቀረ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲንገዳገድ የነበረው እዚህ ላይ ወደቀ። «ይሄ ዓሣ ነው። ልዩ ልዩ አይደለም። ዛሬም ዓሣ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ ስመጣም ዓሣ ነው። ብላ!»

ዘይቱ በወረቀቱ ላይ ዘለቀ፤ ማኅተሙ ቀለሙን ለቀቀ። ኃላፊው ጥቅሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ ወረወረው።

«ኧረ ያቃጥላል!» አለ።

«ትኩስ ነዋ!» አለች እታለም።